ባዶ የሚተወው ስድስተኛው ቤት

ሰው የሚሠራው መሣሪያ ሁሉ ከብረቱና ከእንጨቱ ሌላ አንድ የማይታይ ጓደኛ አለው፤ እርሱም የአያያዙ ትምህርት ነው። ማጭዱን የቀጠቀጠው ባለ እጅ ማጭዱን ለገበሬው ሲሰጠው እንዴት ተይዞ እንደሚታጨድበት፣ ልጆች ባሉበት ቤት የት ላይ እንደሚሰቀል በብረቱ ላይ አይጽፍለትም፤ ይህ ትምህርት ከአባት ወደ ልጅ በዓይንና በቃል ሲተላለፍ ይኖራል። ማጭድን ያልተማረ ሰው ሲይዘው ብዙውን ጊዜ ጣት ቢቈርጥ ነው። መሣሪያው የጦር መሣሪያ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ትምህርቱ የጠፋ ዕለት የሚጠፋው ነፍስ ነውና። እንግዲህ ጥንቃቄ መኖር የሚገባው በሰው ልቡና ነው ወይስ በመሣሪያው አሠራር ውስጥ?

ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ እንዳሰላስለው ያደረገኝ አንድ ዓይነት የአሜሪካ ሽጉጥ ነው። እኔ ወታደር አይደለሁም፤ መሣሪያም አልነግድም፤ ሞያዬ ማስተማር ነው። ነገር ግን የዚህ ሽጉጥ የአሮጌውና የአዲሱ አሠራር ልዩነት ከሽጉጥነቱ አልፎ ለመምህርም ለሹምም የሚነግረው ነገር ያለ ስለ መሰለኝ፣ ያየሁትንና የተረዳሁትን ለአንባቢ ላካፍል ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የምናገርለት ሽጉጥ በእኛ አነጋገር ስድስት ጐራሽ የሚባለው ነው። በመካከሉ እንደ ትንሽ ከበሮ ያለ የሚዞር ብረት አለ፤ በከበሮው ውስጥ ስድስት የጥይት ቤቶች በክብ ተደርድረዋል። ከኋላው መዶሻ፣ ከሥሩ ምላጭ አለው። ከስድስት ጐራሾችም መካከል ይህኛው ዓይነት ምላጩ ብቻ ቢሳብ ምንም አያደርግም፤ ተኳሹ በያንዳንዱ ተኩስ አስቀድሞ በአውራ ጣቱ መዶሻውን ወደ ኋላ ስቦ መደገን አለበት። ሲደገን ከበሮው አንድ ቤት ይዞራል፤ ምላጩ ሲሳብ መዶሻው ወድቆ ጥይቱን ያስነሣል።

የዚህ ዓይነት ሽጉጥ አባት ተብሎ ሊቈጠር የሚገባው፣ የኮልት ኩባንያ በኮኔቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ እየሠራ በ1873 ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ያቀረበው ነው። የኩባንያው መሥራች ሳሙኤል ኮልት በ1862 ስለ ሞተ ይህን ሽጉጥ አላየውም። ሰዎች «ፒስሜከር»፣ ማለት «ሰላም አድራጊ» የሚል ስም አወጡለት፤ ስሙና ግብሩ ምን ያህል እንደሚስማሙ ለአንባቢ ፍርድ እተወዋለሁ። በዚህ ሽጉጥ ላይ ጥይቱን የሚወጋው መርፌ የተተከለው በመዶሻው ግንባር ላይ ነው። ስለዚህ መዶሻው ወርዶ በተቀመጠ ጊዜ መርፌው በፊቱ ያለውን የጥይት መለኮሻ ተንተርሶ ይተኛል። ሽጉጡ ከእጅ ወይም ከኮርቻ ወድቆ መዶሻው በድንጋይ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ፣ ምላጩን ማንም ሳይነካው ሊተኩስ ይችላል።

ሠሪዎቹ ይህን ሳያስቡበት አልቀሩም። በመዶሻው ሥር ሦስት ጥርሶች ቈርጠውለታል፤ የመጀመሪያው መዶሻውን ከጥይቱ ጥቂት አርቆ የሚይዝ የጥንቃቄ ጥርስ፣ ሁለተኛው ከበሮው ለማጕረስ በነጻ እንዲዞር የሚያደርግ የግማሽ ድግን ጥርስ፣ ሦስተኛው የሙሉ ድግን ጥርስ ነው። ነገር ግን በዚያ በመጀመሪያው ጥርስ ውስጥ ገብቶ መዶሻውን የሚይዘው የምላጩ ጫፍ ቀጭን ስለ ሆነ፣ ብርቱ ምት ያገኘው እንደ ሆነ ጫፉ ወይም ጥርሱ ይሰበራል፤ የተባለውም ጥንቃቄ አብሮ ይሰበራል።

ስለዚህ ተጠቃሚዎቹ በብረቱ የጐደለውን በልማድ ሞሉት፤ ስድስት ጐራሹን አምስት ጐራሽ አደረጉት። ሥርዓቱም እንዲህ ነው። መዶሻው በግማሽ ድግን ላይ ይቆማል፤ በስተቀኝ ያለችው የማጕረሻ በር ትከፈታለች፤ አንድ ጥይት ይገባል፤ ቀጥሎ ያለው ቤት ይታለፋል፤ ከዚያ አራት ጥይት በተከታታይ ይገባል፤ በሯ ትዘጋለች፤ መዶሻው እስከ መጨረሻ ይደገንና በአውራ ጣት ተይዞ በቀስታ ይወርዳል። ቈጠራው ካልተሳሳተ መዶሻው የሚያርፈው ባዶ በተተወው በስድስተኛው ቤት ላይ ነው። አንድ አግባ፣ አንድ እለፍ፣ አራት አግባ፣ ደግን፣ አውርድ፤ ይህን እንደ ፊደል ቈጠራ ለልጆቻቸው እያስጠኑ ብዙ ትውልድ ኖሩ። ይህ ባዶ ቤት እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ሰው ካለው ኀይል ከስድስት አንዱን በፈቃዱ ትቶ፣ በተወው ነገር ደኅንነቱን ይገዛበታልና።

በኮልት ሽጉጥ ላይ ዘመን ያመጣቸው ለውጦች አብዛኞቹ ከዚህ ጉዳይ ጋራ አይገናኙም። የመጀመሪያዎቹ ለጥቁር ባሩድ የተሠሩ ሲሆኑ የከበሮውን ዘንግ የሚይዘው ከፊት በኩል የገባ ብሎን ነበረ። በ1890ዎቹ ብሎኑ ሞላ ባለውና በጎን በሚገፋ መያዣ ተተካ፤ ጢስ የሌለው ባሩድ ስለ መጣም ኩባንያው ከ1900 ጀምሮ ሽጉጡ ይህን ባሩድ እንደሚችል ዋስትና ሰጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ዓመታት ሥራው ተቋረጠ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁለተኛው ትውልድ፣ በ1976 ሦስተኛው ትውልድ መሠራት ጀመረ። ሰብሳቢዎች እነዚህን ትውልዶች በአንዲት ብሎን ወይም በተቀረጸ ጽሕፈት እየለዩ ዋጋቸውን ያበላልጣሉ። የመዶሻውና የጥርሶቹ ነገር ግን እንደ ጥንቱ ስለ ነበረ፣ ስድስተኛው ቤትም ባዶ እንደ ሆነ ቀረ።

እውነተኛው ልዩነት የመጣው ከሌላ ኩባንያ ነው። ዊልያም ሩገርና አሌክሳንደር ስተርም በ1949 በዚያው በኮኔቲከት ግዛት፣ በሳውዝፖርት፣ አንድ አነስተኛ ፋብሪካ መሠረቱ። ስተርም በ1951 ስለ ሞተ ሥራው በሩገር እጅ ቀረ። በዚያን ጊዜ ሲኒማውና ቴሌቪዥኑ ስለ ምዕራቡ አገር ከብት ነጂዎች በሚያሳዩት ታሪክ ምክንያት ሕዝቡን የአሮጌው ሽጉጥ ናፍቆት ይዞት ነበረ፤ ኮልት ግን መሥራት አቁሞ ነበረ። ሩገር በ1953 ለትንሿ ጥይት «ሲንግል ሲክስ» የተባለውን፣ በ1955 ለብርቱው ለ.357 ማግነም ጥይት «ብላክሆክ» የተባለውን አወጣ። የጥንቱን መልክ ጠብቆ ውስጡን አደሰው፤ ቶሎ የሚሰበሩትን ጠፍጣፋ ሞላዎች በጥምዝምዝ ሞላ ተካቸው፤ መርፌውንም ከመዶሻው ግንባር አንሥቶ በሽጉጡ ገላ ውስጥ አኖረው። ሆኖም የመዶሻው ጥርሶች በጥንቱ ዓይነት የተቈረጡ ነበሩ፤ የወረደው መዶሻ መርፌውን፣ መርፌውም ጥይቱን መጫኑ አልቀረም። ስለዚህ ያ የባዶ ቤት ሥርዓት ለዚህኛውም አስፈላጊ ነበረ። ይህ አሮጌው ሞዴል በጎኑ ላይ በሚታዩት ሦስት ብሎኖች ስለሚለይ ወዳጆቹ «ባለ ሦስት ብሎን» ይሉታል።

ሽጉጡን የገዛው ሰው ብዙ ነበረ፤ ከገዙት መካከል ግን ሥርዓቱን ከአባቱ የወረሰው ሁሉም አልነበረም። ከሲኒማ የተማረ ሰው ስድስት ጐራሽ ስድስት ይጐርሳል ብሎ ቢያምን የሚያስገርም አይደለም። አደጋ ደረሰ፤ ክስም ተነሣ። ከነዚህ አንዱ በአላስካ ግዛት ሽጉጡን ሲያራግፍ ከእጁ አምልጦት ተተኩሶ እግሩን የመታው ሰው ያቀረበው ክስ ሲሆን፣ ጉዳዩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1979 ተፈርዶበታል። እንዲህ ባለ ክርክር ላይ ሁለት ሐሳቦች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንደኛው ወገን፣ «ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ቢከተሉት ኖሮ አደጋው ባልደረሰ» ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ «በሰው እጅ ያለ ነገር አንድ ቀን መውደቁ የታወቀ ነው፤ ታዲያ ሲወድቅ እንዳይተኩስ አድርጎ መሥራት ሲቻል ለምን አልተሠራም?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለተኛው እውነት ይከብዳል።

ፍርዱ ሳይሰጥ አስቀድሞ በ1973 ኩባንያው አዲሱን ሞዴል አውጥቶ ነበረ። ከሩቅ ሲያዩት ከአሮጌው አይለይም፤ ቀርበው ሲመለከቱት በሦስቱ ብሎኖች ቦታ ሁለት ችንካሮች ገብተዋል። ዋናው ለውጥ ግን ከውስጥ ነው። በመዶሻውና በመርፌው መካከል የምትመላለስ አንዲት ቀጭን ብረት ተጨምራለች፤ እኔ አሸጋጋሪ ብዬ እጠራታለሁ። የአዲሱ መዶሻ ግንባር በደረጃ የተቈረጠ ስለ ሆነ፣ ሲወርድ የሚያርፈው በሽጉጡ ገላ ላይ እንጂ በመርፌው ላይ አይደለም፤ በመዶሻውና በመርፌው መካከል ክፍት ቦታ ይቀራል። ምላጩ ሲሳብ አሸጋጋሪዋ ወደ ላይ ወጥታ ያን ክፍት ቦታ ትሞላለች፤ መዶሻው እርሷን፣ እርሷም መርፌውን ትመታለች። ጣት ከምላጩ ሲነሣ ተመልሳ ትወርዳለች። እንግዲህ ምላጩ ካልተሳበ፣ መዶሻው ከላይ ቢመታ እንኳ ምቱ ወደ ጥይቱ የሚሻገርበት ድልድይ የለውም። ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ አይቨር ጆንሰን የተባለ ኩባንያ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በሌላ ዓይነት ሽጉጥ ላይ ተጠቅሞበታል። አዲሱ ነገር፣ የጥንቱን መልክ ከዚህ አሠራር ጋራ ማስታረቁ ነበረ።

የማጕረሱም ሥርዓት ተለወጠ። የግማሽ ድግን ጥርስ ቀረ፤ መዶሻው እንደ ወረደ ሳለ የማጕረሻዋን በር መክፈት ብቻ ከበሮውን ነጻ ያወጣዋል። በሯ ክፍት እስከ ሆነች ድረስም መዶሻው አይደገንም። ስድስቱም ቤቶች ቢሞሉ መዶሻው በጥይት ላይ ወርዶ ይቀመጣል፤ የሚያሰጋ ነገር የለም። ባዶ ይተው የነበረው ስድስተኛው ቤት ጥይቱን አገኘ።

የአሮጌው ሞዴል ወዳጆች ይህን ሁሉ ሰምተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምክንያታቸውም ከንቱ አይደለም። የአሮጌው ምላጭ አሳሳብ የለሰለሰና የተቈረጠ ነው ይላሉ። የኮልት መዶሻ ሲደገን አራት ጊዜ ተከታትሎ የሚሰማውን ድምፅ እንደ ዜማ ይወዱታል፤ አዲሱ በዚህ በኩል ዝምተኛ ነው። በአዲሱም ሞዴል ሌላ ጉድለት ነበረ፤ ከበሮው በእጅ ሲዞር ድምፁ ከተሰማ በኋላ ቤቱ ከበሯ ትይዩ ጥቂት አልፎ ስለሚገኝ፣ ጥቂት ያሳለፈ ሰው እንደ ገና ዙሩን ለመጨረስ ይገደዳል፤ ይህም በ2005 በወጡት በአንዳንዶቹ ሞዴሎች ተስተካክሏል። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያሳዝናቸው ሌላ ነገር ነው። አሮጌው ሽጉጥ ባለቤቱ እንዲያውቀው ያስገድደው ነበረ፤ አዲሱ ግን ያላወቀውንም ሰው ይታገሠዋል። ዕውቀትን የማይጠይቅ መሣሪያ ዕውቀትን ያደኸያል ይላሉ። መምህር እንደ መሆኔ መጠን ይህ ክርክር ለጊዜው ልቤን ሳይነካው አልቀረም።

ሐሳቤን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለው በአሜሪካ አገር ለትምህርት በቆየሁበት ጊዜ ከአንድ ጎረቤቴ ጋራ የነበረኝ ጨዋታ ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ አናጢ ነበሩ፤ ከአባታቸው የወረሱት ባለ ሦስት ብሎን ሽጉጥ ነበራቸው። አባታቸው በልጅነታቸው የአምስቱን ጥይት ሥርዓት እንደ ጸሎት አስጠንተዋቸው ነበረ። አንድ ቀን ወደ ቤታቸው ጠርተውኝ ጥይቱ የተራገፈውን ሽጉጥ በጠረጴዛ ላይ አኑረው አገኘኋቸው። በጎኑ ስድስት ጥይቶች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። ጥቂት ቀን ሊሰነብት የመጣው ወንድ ልጃቸው መሳቢያውን ከፍቶ ሽጉጡን ሲያይ አንድ ቤት ባዶ አገኘ፤ አባቴ በእርጅና ረስተውት ነው ብሎ በቅንነት ሞላው። ሽማግሌው ይህን ያወቁት ልጃቸው ከሄደ በኋላ ነው። በዚያም ሳምንት ውስጥ የልጅ ልጆቻቸው በዚያው ክፍል ሲሯሯጡ ሰንብተው ነበረ።

«አባቴ ሽጉጡንም ትምህርቱንም ሰጡኝ» አሉኝ፤ «እኔ ግን ለልጄ ያሳየሁት ሽጉጡን ብቻ ነው።»

ከዚህ በኋላ ያስጨነቃቸው ሌላ ጥያቄ ነበረ። ኩባንያው ከ1982 ጀምሮ አሮጌውን ሞዴል ለሚልክለት ሰው ሁሉ የአሸጋጋሪዋን አሠራር ያለ ዋጋ ለመግጠም ማስታወቂያ አውጥቷል፤ የወጡትንም አሮጌ ዕቃዎች ለባለቤቱ ይመልሳል። ነገር ግን ወዳጆቻቸው እንዳያደርጉት መከሯቸው። ያልተነካ ባለ ሦስት ብሎን በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ከተለወጠው ይበልጣል፤ የአባት ዕቃ ደግሞ እንደ ነበረ ሊቈይ ይገባዋል የሚል ነው ምክራቸው። ሽማግሌውን ያሳሰባቸው የገንዘቡ ነገር አልነበረም። አባታቸው በአውራ ጣታቸው ያለሰለሱትን መዶሻ ማስወጣት፣ አባታቸውን ከቤት እንደ ማስወጣት ሆኖ ታያቸው። ምን እንደማስብ ጠየቁኝ።

እኔም መልሼ ጠየቅኋቸው፤ «ይህ ብረት ከእርስዎ በኋላ ስንት ዓመት ይኖራል?»

እጃቸውን በሽጉጡ ላይ አሳርፈው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም «ቅባት ካልተለየው መቶ ዓመት» አሉኝ። «ትምህርቱስ?» ስላቸው አልመለሱልኝም።

በሚቀጥለው ወር ሽጉጡን ላኩት። ሲመለስ የአባታቸው መዶሻና ምላጭ በትንሽ ከረጢት አብረው መጡ። ሽማግሌው በከረጢቱ ላይ የአባታቸውን ስም በአናጢ እርሳስ ጽፈው ከቤተ ሰቡ ፎቶግራፎች ጋራ አኖሩት፤ ሽጉጡን በአንድ ሣጥን፣ ጥይቱን በሌላ ሣጥን ቈለፉበት። ልጃቸውንም በስልክ ጠርተው የአምስቱን ጥይት ሥርዓት፣ ከእንግዲህ የግድ ባያስፈልግም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሩት። እኔ ይህን ሳይ መታሰቢያውን መጠበቅና ጉድለቱን ማረም የማይታረቁ ነገሮች እንዳልሆኑ ገባኝ።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የባዶው ቤት ሥርዓት የጥበበኞች ሥርዓት ነው፤ ጉድለቱ ግን በሰው ዕድሜ የተወሰነ መሆኑ ነው። ብረት ከሰው ይልቅ ይኖራል። መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ትምህርቱ በአንዱ ትውልድ ላይ ቢንጠባጠብ፣ ቀጣዩ ወራሽ አደጋውን ሙሉ በሙሉ ይወርሳል፤ የሚያሳዝነውም ቅን ሰው መሆኑ የማያድነው መሆኑ ነው። የሽማግሌው ልጅ ባዶውን ቤት የሞላው በክፋት ወይም በስንፍና አልነበረም፤ አባቱን ለመርዳት ነው። አባቶች «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ሲሉ፣ መጠንቀቅ ማለት መፍራት ብቻ አይመስለኝም፤ የማያውቀው ሰው እንደሚመጣ አስቀድሞ አስቦ መሥራትም ጭምር ነው።

ይህ ነገር በሽጉጥ ላይ ብቻ አይወሰንም። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታማኝና ጠንቃቃ ገንዘብ ያዥ ሲኖር ሣጥኑ በሰላም ያድራል፤ እርሱ ስድስተኛውን ቤት ባዶ የሚተው ሰው ነው። ነገር ግን እርሱ ጡረታ በወጣ ማግስት ሣጥኑን የሚጠብቀው ምንድር ነው? ያለ ሁለተኛ ሰው ፊርማ ገንዘብ የማይወጣበት ደንብ እንደ አሸጋጋሪዋ ብረት ነው፤ ተገቢው ፈቃድ ካልተገኘ ምቱ ወደ ጥይቱ አይሻገርም። ደንቡ የታማኙን ሰው ክብር የሚቀንስ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን የታማኙን ሰው ጥበብ ከእርሱ በኋላ እንዲኖር የሚያደርግ ይመስለኛል። በትምህርት ቤትም የሚያቃጥለውን ፈሳሽ «ተማሪዎች አትንኩ» ብሎ በመደርደሪያ ላይ መተውና በቍልፍ ማኖር አንድ አይደሉም።

ይህን ስል ግን ብረቱ ሰውን ይተካዋል ማለቴ አይደለም። አሸጋጋሪዋ የምትከለክለው ያልታሰበውን ምት ነው፤ ምላጩን የሳበ ጣት ወዴት እንዳነጣጠረ አትጠይቅም። ባዶ ነው የተባለ ሽጉጥ እንኳ ጥይት እንዳለው ተቈጥሮ መያዝ እንዳለበት፣ አፈሙዙም ወደ ሰው መዞር እንደሌለበት አዲሱ ሞዴል አላስቀረውም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ምክር ለሁለቱም ሞዴል ይሠራል። ኩባንያው ራሱ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በሽጉጦቹ አፈሙዝ ላይ፣ ከመጠቀም አስቀድሞ የማስጠንቀቂያ መጽሐፉ እንዲነበብ የሚያሳስብ ጽሕፈት መቅረጽ ጀምሯል። ብዙ ሰዎች ጽሕፈቱ መልኩን አበላሸው ይላሉ። እኔ ግን በመልካሙ አሠራር ላይ መልካም ቃል ቢጨመርበት አስቀያሚ ሆኖ አልታየኝም፤ አስቀያሚ የሚሆነው ቃሉ በአሠራሩ ፈንታ ብቻውን ሲቆም ነው።

አሮጌውን የሠሩት ሰዎች ለሚያውቅ ሰው ሠሩት፤ ሥራቸውም እስከ ዛሬ ያምራል። አዲሱን የሠሩት ደግሞ ሳይማር ለሚወርሰውም ሰው አሰቡለት፤ ይህ ማሰባቸው ከምላጭ ልስላሴና ከመዶሻ ዜማ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ባለ ሦስት ብሎን ሽጉጥ በውርስ የደረሰው ሰው ቢኖር ከሁሉ አስቀድሞ ያራግፈው፤ ከዚያም ያሠራው ወይም እንዳለ ያቈየው ዘንድ ይምረጥ። እንዳለ ሊያቈየው የመረጠ እንደ ሆነ ግን ከብረቱ ጋራ የባዶውን ቤት ትምህርት ለወራሹ ማስረከብ ዕዳው መሆኑን አይርሳ።